ኀይለኛው የጨዋታ አለቃ ጆን ማክግሮው

ብዙ ሰዎችን ማዘዝ የሚችል ሰው አንዲቱን አንደበቱን ማዘዝ ሊያቅተው ይችላል። የጆን ማክግሮው ሕይወት ይህን ነገር በግልጥ ያሳያል። በዚህ ታሪክ ውስጥ የተጻፉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጆን ማክግሮው በአሜሪካ አገር፥ በኑዮርክ ግዛት፥ ትሩክስተን በምትባል ትንሽ መንደር አፕሪል 7 ቀን 1873 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ ከአየርላንድ የመጣ ድኻ ሰው ነበረ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ወታደር ሆኖ ከተዋጋ በኋላ የባቡር ሐዲድ እየጠገነ ቤተ ሰቡን ይመግብ ነበር።

ልጁ ዐሥራ አንድ ዓመት በሆነው ጊዜ ክፉ ተላላፊ በሽታ ወደ መንደሪቱ ገባ። በ1884 መጨረሻና በ1885 መጀመሪያ በነበረው የብርድ ወራት እናቱና አራት የቤቱ ልጆች ተከታትለው ሞቱ። የአባቱም ልብ በሐዘን ደነደነ። ጆን ኳስ ሲጫወት የሰው መስኮት በሰበረ ቍጥር አባቱ ከትንሽ ደመወዙ የመስተዋቱን ዋጋ ይከፍል ነበር፤ ስለዚህም ተቈጥቶ ልጁን ክፉኛ ይደበድበው ነበር።

ዱላው በበዛበት ጊዜ ጆን በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ከአባቱ ቤት ወጣ። ከመንገዱ ማዶ የእንግዳ ማረፊያ ቤት የነበራቸው ወይዘሮ ሜሪ ጎዳርድ የሚባሉ ደግ ሴት ነበሩ። እርሳቸውም ልጁን ተቀብለው በቤታቸው አሳደጉት። እርሱም እንጀራውን በከንቱ አልበላም፤ በቤቱ ሥራ ያግዛቸው፥ ለሰዎች ጋዜጣ ያድል፥ በባቡርም ውስጥ እየተዘዋወረ ጣፋጭና ጋዜጣ ይሸጥ ነበር። ከሥራ በተረፈው ጊዜ ሁሉ ግን የሚወደውን ቤዝቦል ይጫወት ነበር።

ቤዝቦል በአሜሪካ እጅግ የተወደደ ጨዋታ ነው። ዘጠኝ ዘጠኝ ሰዎች ያሉባቸው ሁለት ቡድኖች ይጋጠማሉ። ከአንዱ ቡድን አንድ ሰው ኳሱን ይወረውራል፤ ከሌላው ቡድን አንድ ሰው በዱላ ይመታዋል። የመታው ሰው በሜዳው ላይ ያሉትን አራት ማረፊያዎች በተራ እየረገጠ ይሮጣል። ዞሮም ወደ ተነሣበት ሲደርስ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ይቈጠርለታል። አንዱን ማረፊያ ሳይረግጥ ቢያልፍ ግን ሩጫው ከንቱ ይሆናል። ይህ ደንብ ወደ ፊት ለሚነገረው ነገር አስፈላጊ ነው።

ጆን በ1890 ዓ.ም. በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ኦሊየን በምትባል ከተማ በደመወዝ ይጫወት ጀመር። የመጀመሪያው ቀን ግን የኀፍረት ቀን ሆነበት፤ ወደ እርሱ ከመጡት ዐሥር ኳሶች በስምንቱ ተሳሳተ። ከጥቂት ግጥሚያም በኋላ ከዚያ ቡድን ወጣ። ሌላ ሰው ቢሆን ወደ መንደሩ ተመልሶ ጨዋታውን በተወ ነበር። እርሱ ግን ወደ ሌላ ስፍራ ሄዶ ከማለዳ እስከ ማታ ተለማመደ። ከአንድ ዓመት በኋላ፥ በ1891 ዓ.ም.፥ በታላቂቱ በባልቲሞር ከተማ ኦሪዮልስ በሚባለው ቡድን ውስጥ ገባ።

ቁመቱ አጭር፥ ሰውነቱም ቀጭን ነበረ። ጕልበት ያነሰውን በብልሃትና በትጋት ሞላው። ኔድ ሃንሎን የሚባል አስተዋይ አለቃ ቡድኑን ይመራ ነበር፤ ከርሱም ብዙ ጥበብ ተማረ። በ1892 ዓ.ም. ከሁሉ በታች የነበረው ይህ ቡድን በ1894፥ በ1895ና በ1896 ዓ.ም. ሦስት ዓመት በተከታታይ አንደኛ ወጣ። ማክግሮው በትምህርቱም ሰነፍ አልነበረም። የጨዋታው ወራት ሲያልፍ ከጓደኛው ከሁዊ ጄኒንግስ ጋራ ወደ ቅዱስ ቦናቬንቱራ ኮሌጅ ይሄድ ነበር። ለትምህርቱ የሚከፈለውን ገንዘብ ለተማሪዎቹ ቤዝቦል በማስተማር ይከፍል ነበር።

ነገር ግን ከብልሃቱ ጋራ ተንኰልም ነበረበት። በዚያን ዘመን አንድ ዳኛ ብቻውን ሜዳውን ሁሉ ይጠብቅ ነበር። ዳኛው ፊቱን ሲያዞር ማክግሮው የሚሮጠውን ባላጋራ ቀበቶውን ይዞ ያዘገየው ነበር። አንድ ቀን አንድ ሯጭ ይህን ዐውቆ አስቀድሞ ቀበቶውን ፈታ። ሯጩ ሮጦ ሲገባ ማክግሮው ባዶውን ቀበቶ በእጁ እንደ ያዘ ቀረ ተብሎ ይተረካል። ተንኰለኛ ሰው በስውር የሚሠራው በአደባባይ ተገለጠበት።

ከተንኰሉ የባሰው ደግሞ ቍጣው ነበረ። ዳኛ የማይወደውን ፍርድ በፈረደ ጊዜ ይጮኽበት፥ ይሰድበውም ነበር። በዘመኑ ሁሉ ዳኞች ከመቶ ጊዜ በላይ ከሜዳ አስወጥተውታል። ከመውጣቱም የተነሣ ቡድኑ በብዙ ጭንቅ ሰዓት ያለ መሪ ይቀር ነበር። ሰዎች በአጭር ቁመቱና በብርቱ ትእዛዙ ምክንያት ትንሹ ናፖሌዎን ብለው ሰየሙት።

በ1902 ዓ.ም. የማኅበሩን ሹም ተጣልቶ ከባልቲሞር ወጣና ወደ ኑዮርክ ሄዶ ጃያንትስ የሚባለው ቡድን አለቃ ሆነ። ያ ቡድን በዚያ ዓመት ከሁሉ የመጨረሻ ነበረ። ማክግሮው ሰነፎቹን አሰናብቶ ትጉሆቹን አስቀረ፤ ትእዛዙን የተላለፈውን ሁሉ በመቀጫ ቀጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1904 ዓ.ም.፥ ቡድኑ 106 ግጥሚያ አሸንፎ አንደኛ ሆነ።

በዚያ ዓመት መጨረሻ የሌላው ማኅበር አሸናፊ ከሆነው ከቦስተን ቡድን ጋራ ሊጋጠም ይገባው ነበር። ማክግሮውና የቡድኑ ባለቤት ግን በዚያ ማኅበር ላይ ቂም ይዘው ነበርና አንጫወትም አሉ። ስለዚህ ታላቁ ግጥሚያ በዚያ ዓመት ሳይደረግ ቀረ፤ ተጫዋቾቹም ሊያገኙት የሚችሉት ክብርና ገንዘብ ጠፋባቸው። ቂም የያዙት አለቆች ሲሆኑ የከፈሉት ግን ያልበደሉት ተጫዋቾች ሆኑ። በሚከተለው ዓመት፥ በ1905፥ ማክግሮው ከቂሙ ተመልሶ ተጫወተና የፊላደልፊያን ቡድን አሸነፈ።

በዚህ ድል ጊዜ ከሁሉ የበለጠው ሰው ክሪስቲ ማቲውሰን ነበረ። ማቲውሰን በስድስት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ወርውሮ ለባላጋራው አንዲት ነጥብ እንኳ አልሰጠም። እርሱም ኮሌጅ የተማረ፥ ጸጥተኛ፥ ትሑት ሰው ነበረ። ለእናቱ በገባው ቃል መሠረት በእሑድ ቀን አይወረውርም ነበር። ቍጡው አለቃና ጸጥተኛው ተጫዋች እጅግ ተዋደዱ፤ ከሚስቶቻቸውም ጋራ በአንድ ቤት ተከራይተው ኖሩ። ይህም ማክግሮው መልካምን ጠባይ ማክበር እንደሚያውቅ ያሳያል።

ልቡ እንደ አንደበቱ ክፉ እንዳልነበረ ከሁሉ ይልቅ በ1908 ዓ.ም. ታወቀ። ሴፕቴምበር 23 ቀን ጃያንትስ ከቺካጎ ቡድን ጋራ ይጫወቱ ነበር። በመጨረሻው ሰዓት አንድ ተጫዋች ኳሱን መታ፥ ሌላውም ሮጦ ገባ፤ ሕዝቡም ድል ሆነ ብሎ እየጮኸ ወደ ሜዳው ፈሰሰ። በዚያን ጊዜ ፍሬድ ሜርክል የሚባል የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ወደ ሁለተኛው ማረፊያ ይሮጥ ነበር። እርሱም ሕዝቡን አይቶ ጨዋታው አለቀ ብሎ ማረፊያውን ሳይረግጥ ወደ ልብስ ቤቱ ሄደ። የቺካጎ ሰዎች ይህን አይተው ለዳኛው አመለከቱ፤ ዳኛውም የገባውን ነጥብ ሰረዘው። ግጥሚያው እኩል ለእኩል ሆኖ ቀረ። ኦክቶበር 8 ቀን በተደገመ ጊዜ ቺካጎ አሸነፈ፤ የዓመቱም ድካም በአንዲት ያልተረገጠች ማረፊያ ምክንያት ጠፋ።

ሕዝቡና ጋዜጦቹ ሜርክልን ሰደቡት። ልጁም ተዋርዶ ራሱን ደፋ። ሰው ሁሉ ማክግሮው ያባርረዋል ብሎ ይጠብቅ ነበር። ማክግሮው ግን ቡድኑ በዓመቱ ውስጥ ሌላ ብዙ ግጥሚያ መሸነፉን አስታውሶ፥ ጥፋቱ የአንድ ልጅ ብቻ አይደለም ብሎ ተከራከረለት። ደመወዙን ጨመረለት፤ እስከ 1916 ዓ.ም. ድረስም ከቡድኑ አላስወጣውም። በ1912 ዓ.ም. ደግሞ ፍሬድ ስኖድግራስ የሚባለው ተጫዋች በመጨረሻው ግጥሚያ ቀላል ኳስ ከእጁ ወድቆበት ቡድኑ ሲሸነፍ፥ ማክግሮው ለርሱም እንዲሁ አደረገ። በልጅነቱ መስኮት በመስበሩ የተደበደበው ሰው፥ ሳይወድ የተሳሳተውን ልጅ አልመታም።

ያረጁትንም አልረሳም። በዱሮ ዘመን ዝነኞች የነበሩ በኋላ ግን የተቸገሩ ሰዎችን፥ እነ አሞስ ሩሲንና ዳን ብራውተርስን፥ በቡድኑ ሜዳ በጥበቃና በልዩ ልዩ ሥራ አስገብቶ እንጀራቸውን እንዲያገኙ አደረገ።

ይሁን እንጂ ቍጣው አንድ ትልቅ ነገር አሳጣው። ዊልበርት ሮቢንሰን ከባልቲሞር ዘመን ጀምሮ የልብ ወዳጁ ነበረ፤ በኑዮርክም ረዳቱ ሆኖ ይሠራ ነበር። በ1913 ዓ.ም. ታላቁን ግጥሚያ በተሸነፉበት ቀን ማታ ሁለቱ በአንድ ስሕተት ምክንያት ተጣሉ። የሃያ ዓመት ወዳጅነት በአንድ ሌሊት ቃል ፈረሰ። ሮቢንሰን በሚከተለው ዓመት በዚያችው በኑዮርክ ከተማ የብሩክሊን ቡድን አለቃ ሆነ። ሁለቱ በየዓመቱ በአንድ ሜዳ ይገናኙ ነበር፤ ግን እንደ ወዳጅ አይነጋገሩም ነበር። ይህ ኵርፊያ ዐሥራ ሰባት ዓመት ያህል ቈየ።

በዚህ መካከል ማክግሮው በሥራው እየበረታ ሄደ። ቡድኑ በርሱ መሪነት ዐሥር ጊዜ የማኅበሩ አንደኛ፥ በ1905፥ በ1921ና በ1922 ዓ.ም. ደግሞ ሦስት ጊዜ የታላቁ ግጥሚያ አሸናፊ ሆነ። በአለቅነት ዘመኑ በጠቅላላው 2,763 ግጥሚያ አሸነፈ። በ1923 ዓ.ም.፥ ሃምሳ ዓመት በሆነው ጊዜ፥ በቤዝቦል ያሳለፋቸውን ሠላሳ ዓመታት የሚተርክ መጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉ ዝናን አስገኘለት፤ ከሮቢንሰን ጋራ ግን አላስታረቀውም። ሁለት ዓመት ቈይቶ ማቲውሰን በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ ማክግሮውም እጅግ አዘነ።

ዕድሜው እየገፋ፥ ጤናውም እየደከመ ሲሄድ የማክግሮው ልብ ለዘበ። በ1930 ዓ.ም. የቡድን አለቆች በተሰበሰቡበት ጊዜ እርሱና ሮቢንሰን ተጨባብጠው ታረቁ። ሁለቱም ሽማግሎች ሆነው ነበር። ያለፉት ዐሥራ ሰባት ዓመታት ግን ተመልሰው ሊገኙ አልቻሉም።

ጁን 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ማክግሮው አለቅነቱን ለቀቀ። የተተካውም ሰው ብዙዎችን አስገረመ። ቢል ቴሪ የሚባለው ተጫዋች ከማክግሮው ጋራ ተጣልቶ ሁለት ዓመት ያህል ሳይነጋገሩ ኖረው ነበር። ማክግሮው ግን አስጠርቶ ቡድኑን ለርሱ አስረከበው፤ ቴሪ ለሥራው የሚገባ ሰው መሆኑን ያውቅ ነበርና። ለቡድኑ የሚጠቅመውን ከቍጣው አስበለጠ። በ1904 ቂሙን መርጦ ተጫዋቾቹን የጎዳው ሰው በ1932 ቂሙን ጥሎ ጠቀማቸው። በሚከተለው ዓመት፥ በ1933፥ ቡድኑ በቴሪ መሪነት ታላቁን ግጥሚያ አሸነፈ፤ ማክግሮውም ይህን በዓይኑ አየ።

ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1934 ዓ.ም. በተወለደ በስድሳ ዓመቱ ኒው ሮሼል በምትባል ከተማ ዐረፈ። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ሮቢንሰን ተከተለው። የሁለቱም መቃብር በባልቲሞር በአንድ የመቃብር ስፍራ ይገኛል፤ የዱሮ አለቃቸው ሃንሎንም በዚያው ተቀብሮአል። በሕይወት ሳሉ ዐሥራ ሰባት ዓመት ያልተነጋገሩት ወዳጆች በአንድ አፈር ዐረፉ። በ1937 ዓ.ም. የማክግሮው ስም በቤዝቦል ዝነኞች መዝገብ ተጻፈ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። ሳይወድ የወደቀውን ሰው ማንሣት የኀይለኛ ሰው ጌጥ ነው፤ ማክግሮው ለሜርክል ያደረገው ይህን ነው። ከተጣሉት ወዳጅ ጋራም ለመታረቅ እርጅናን መጠበቅ አይገባም፤ ማክግሮው ለሮቢንሰን ያደረገው ይህን ነበርና። ዛሬ ከጓደኛው ጋራ የተጣላ ልጅ ቢኖር ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄዶ ይታረቅ።