ዱክ ኤሊንግተንን በድንገት ያየሁበት ቀን



ትውልዴ መርጡለ ማርያም ነው። ዜማን በከበሮና በጸናጽል የለመድሁ የቄስ ልጅ ስለ ሆንሁ፥ ጃዝ የሚሉትን ከአሕዛብ ጭፈራ እቈጥረው ነበር። በኅዳር ወር 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከመሥሪያ ቤት ስወጣ፥ በአንድ ሆቴል ደጃፍ ሰው ተሰብስቦ አየሁና ጠጋ አልሁ። በመካከሉ ከዐይኑ ሥር ያበጠ ረጅም ጥቁር ሽማግሌ ሰውን ሁሉ እየጨበጠ ያልፋል፤ ዱክ ኤሊንግተን ነው አሉኝ።

ይህ ሰው በ1891 ዓ.ም. በዋሽንግተን የተወለደ ነው። ከ1920 ዓ.ም. ጀምሮ በኒውዮርክ፥ ሐርለም ውስጥ፥ ጥቁር እንግዳ በማያስገባው ኮተን ክለብ ባንዱን ይመራ ነበር፤ ያንን እንዴት እንደ ቻለው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት፥ በጥቅምት ወር፥ ለንደን በዌስትሚንስተር ደብር ለእግዚአብሔር ምስጋና የደረሰውን ዜማ አሰምቷል። እዚህም ንጉሠ ነገሥቱ ኒሻን ሸለሙት።

ይህን ሁሉ ያነበብሁት በኋላ ነው። ያን ዕለት እጁን ቢዘረጋልኝ የአባቴን ቍጣ አስቤ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። በዚያው ዓመት ግንቦት 16 ቀን፥ በሳንባ ካንሰር ታሞ ኒውዮርክ ላይ ሞተ። ስለ ዌስትሚንስተሩ ዜማ ለአባቴ ልነግራቸው ሳስብ፥ እሳቸውም ዐረፉ።

አንድ ጡረተኛ የመንግሥት ሠራተኛ