ሚስ ሲልቪያ ፓንክኸርስትና የሴቶች መብት

መብት የሚባለው ነገር ለአንዱ ተሰጥቶ ለሌላው ሲከለከል መብትነቱ ይቀርና አድልዎ ይሆናል። ይህን በቃል የሚያስተምር ሰው ብዙ ነው፤ ለራሱ ያገኘውን ይዞ በመቀመጥ ፈንታ ገና ላላገኘው ወገን ዕድሜውን ሙሉ የሚደክም ግን ጥቂት ነው። ከነዚህ ጥቂቶች መካከል አንዷ፥ ዐፅማቸው በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ያረፈው እንግሊዛዊቱ ሚስ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ናቸው።

በ1928 ዓ.ም. መባቻ የፋሽስት ኢጣልያ ጦር በኢትዮጵያ ወሰን ላይ ተሰልፎ ሳለ፥ እቴጌ መነን ለዓለም ሴቶች ማኅበር በራዲዮ ንግግር አደረጉ። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ድምፅ ባሕር ተሻግሮ የሚሰማው ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በአቃቂ በተተከለው የራዲዮ ጣቢያ አማካይነት ነበር። ጣቢያውን የሠራው የኢጣልያ ኩባንያ መሆኑም የጊዜውን ነገር እጅግ የሚያስገርም ያደርገዋል። እቴጌይቱ የየአገሩ ሴቶች ስለ ሰላም ድምፃቸውን እንዲያሰሙና ጦርነቱ እንዳይነሣ እንዲያግዙ ለመኑ፤ ልጃቸው ልዕልት ፀሐይም ንግግሩን በእንግሊዝኛ ደገሙት።

ነገር ግን ድምፅህን አሰማ ተብሎ የሚለመን ድምፅ ያለው ሰው ነው። በዚያ ዘመን በኢጣልያ ሴቶች የፓርላማ እንደራሴ የመምረጥ መብት አልነበራቸውም፤ በፈረንሳይም እንደዚሁ። የእንግሊዝ ሴቶች ከወንዶች ጋራ እኩል የመራጭነትን መብት ካገኙ ገና ሰባት ዓመት መሆኑ ነበር። ያም መብት በቀላሉ የተገኘ አልነበረም፤ በብዙ ልፋትና እስራት እንጂ።

ሚስ ሲልቪያ በማንቸስተር ከተማ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1882 ተወለዱ፤ ከዚህ በኋላም ስለ እንግሊዝ አገር የሚነሡት ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። አባታቸው ዶክተር ሪቻርድ ፓንክኸርስት የሕግ ሊቅ ነበሩ። ያገባች ሴት በገዛ ገንዘቧ እንድታዝዝ ለወጣው ሕግ ብዙ የደከሙ ከመሆናቸውም በላይ፥ ሴቶች እንደራሴ እንዲመርጡ የሚፈቅድ የሕግ ረቂቅ ያዘጋጁ ሰው ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ ኤመሊንም በዚሁ ሐሳብ የጸኑ ነበሩ። እንግዲህ ልጅቱ ያደጉት የሴቶች እኩልነት እንደ ዕለት እንጀራ በሚነገርበት ቤት ነው። አባታቸው በ1898 ሲሞቱ ግን ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበሩና ቤቱ በችግር ላይ ወደቀ።

ሚስ ሲልቪያ ለሥዕል ታላቅ ተሰጥዎ ነበራቸው። በማንቸስተር የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፥ ኋላም በሎንዶን በንጉሣዊው የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ተማሩ። እናታቸው በ1903 በማንቸስተር ቤታቸው የሴቶች ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ኅብረት የተባለውን ማኅበር በመሠረቱ ጊዜ፥ ልጃቸው በብሩሻቸው የማኅበሩን ሰንደቅና ምልክት ይሥሉ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ትግሉ ጊዜያቸውን ሁሉ እየወሰደ ሄደና የሚወዱት የሥዕል ሥራ ቀረ።

የማኅበሩ ሴቶች በየአደባባዩ፥ በየገበያውና በየፋብሪካው ደጅ በጋሪና በሣጥን ላይ ቆመው ሕዝቡን ይሰብኩ ነበር። የንግግራቸውም ፍሬ ነገር ግልጽ ነበር፤ ሴት እንደ ወንድ ግብር ትከፍላለች፤ ሕግ ብታፈርስ እንደ ወንድ ትቀጣለች፤ ሕጉን በሚያወጣው ሸንጎ ግን የሚናገርላት ሰው እንድትመርጥ አይፈቀድላትም። በፋብሪካ ውላ የምታገኘው ደመወዝ ከወንዱ እጅግ ያነሰ ሆኖ ሳለ፥ ስለ ደመወዝ፥ ስለ መኖሪያ ቤትና ስለ ሕፃናት ጤና የሚወስኑት ኑሮዋን የማያውቁ ሰዎች ናቸው የሚል ነበር። ይህን ስለ ተናገሩና ሰልፍ ስለ ወጡ ብዙዎች ወደ ሎንዶን ወህኒ ቤት ተጋዙ። ሚስ ሲልቪያም በ1906 ለመጀመሪያ ጊዜ ታሰሩ።

በ1912 ሚስ ሲልቪያ ድኾችና ሠራተኞች ወደሚኖሩበት ወደ ምሥራቅ ሎንዶን ሄደው በዚያ ሥራቸውን ጀመሩ። ብሩሽ የሚሠሩ፥ ልብስ የሚሰፉና ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችን ሰብስበው፥ ራሳቸው በጉባኤ ቆመው የኑሯቸውን ነገር እንዲናገሩ አስለመዷቸው። በእርሳቸው አሳብ፥ ሠራተኛይቱ የእመቤቶችን ንግግር ቆማ የምትሰማ ብቻ ሳትሆን ራሷ ተናጋሪ መሆን ነበረባት። እናታቸውና ታላቅ እኅታቸው ክሪስታቤል ግን ይህን አልወደዱትም፤ የባለጸጎቹን እመቤቶች ድጋፍ ያሳጣናል ብለው ሠጉ። በ1914 መጀመሪያ ላይ ሚስ ሲልቪያ ከእናታቸው ማኅበር ተለዩ። ከጠላት ጋራ መጣላት ቀላል ነው፤ ከእናት ጋራ ስለ እውነት መለያየት ግን ልብን የሚሰብር ነገር ነው።

በወህኒ ቤት ሳሉ እህል አንቀምስም በማለታቸው ምግብ በጐማ ቱቦ በግድ ወደ ሆዳቸው እንዲወርድ ተደርጓል። በ1913 የወጣው ሕግ ደግሞ እስረኛዋ ከረኃብ ብዛት ስትደክም እንድትፈታ፥ ስታገግም ተመልሳ እንድትታሰር የሚያዝ ነበር። ሕዝቡም ይህንን ሕግ የድመትና የአይጥ ሕግ ብሎ ሰየመው። ሚስ ሲልቪያ በዚህ ሕግ ደጋግመው ታሰሩ፤ እህልን ብቻ ሳይሆን ውሃንና እንቅልፍንም እምቢ አሉ። በሰኔ ወር 1914 ጠቅላይ ሚኒስትሩ አስኲዝ የምሥራቅ ሎንዶንን ሴቶች መልእክተኞች ካልተቀበሉ ጾሜን አልፈታም ብለው በድካም ላይ ሳሉ ወደ ፓርላማው ደጃፍ ተወሰዱ። በመጨረሻም ጠቅላይ ሚኒስትሩ እሺ አሉ። ከመልእክተኞቹ አንዷ ብሩሽ ሠሪ ነበረች፤ የሠራችውን ብሩሽ አቅርባ የሚከፈላትን ጥቂት ሳንቲም ለአገሪቱ ገዥ በገዛ አፏ አስረዳች።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ታላቁ ጦርነት ተነሣ። እናትና ታላቅ እኅት መንግሥቱን ለመደገፍ ትግሉን አቆሙ፤ ሚስ ሲልቪያ ግን ጦርነቱን ተቃወሙ። ባሎቻቸው ለዘመቱባቸው ሴቶች በርካሽ ዋጋ የሚበላበት ቤት፥ የመጫወቻ ፋብሪካና የሕፃናት ማሳደጊያ አቋቋሙ። አንድ መጠጥ ቤት ተከራይተውም የእናቶችና የሕፃናት መርጃ አደረጉት። በ1918 ዕድሜያቸው 30 ዓመት የሞላና ስለ ንብረት የተወሰነውን የሚያሟሉ ሴቶች መምረጥ ተፈቀደላቸው። ይህ ሕግ ብዙዎቹን የፋብሪካ ልጃገረዶች በውጭ ያስቀረ ስለ ነበረ ለሚስ ሲልቪያ ሙሉ ድል አልነበረም። ሙሉ እኩልነት የተገኘው በ1928 ሴትም ወንድም በ21 ዓመት እንዲመርጡ ሲፈቀድ ነው። ወይዘሮ ኤመሊንም ሕጉ ሊጸና ጥቂት ቀን ሲቀረው ዐረፉ።

ብዙዎቹ የትግል ጓደኞቻቸው በዚህ ጊዜ ሥራው ተፈጸመ ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሚስ ሲልቪያ ግን የመራጭነት መብት ለተበደለ ካልተናገሩበት ምን ይጠቅማል የሚል አሳብ ነበራቸው። ፋሽስቶች በኢጣልያ የሚያደርጉትን ግፍ ከመጀመሪያው ይቃወሙ ስለ ነበረ፥ የኢትዮጵያን መወረር እንደ ሩቅ አገር ወሬ አልተመለከቱትም። ከአቃቂ የተላለፈው የእቴጌይቱ ልመና ለዓለም ሴቶች ሁሉ ነበር፤ ከእነዚያ ሴቶች መካከል ሚስ ሲልቪያን ያህል ረዥም ዘመን መልስ የሰጠ አልተገኘም። አዲስ አበባ በጠላት እጅ በወደቀችበት ሰሞን፥ በግንቦት 1928 ዓ.ም. ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ በሎንዶን ማሳተም ጀመሩ። ስለ መርዝ ጋዙ፥ ስለ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂትና ስለ አርበኞች ተጋድሎ፥ ሌሎች ዝም ባሉበት ጊዜ ጋዜጣው ያለማቋረጥ ጻፈ። ጠላት ከወጣ በኋላም የኢትዮጵያ ነጻነት ሙሉ እንዲሆን እየተከራከረ በጠቅላላው ሃያ ዓመት ቈየ።

ልዕልት ፀሐይ በስደት ሳሉ በሎንዶን የአስታማሚነት ሙያ ተምረው ነበር። በ1934 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት በወጣትነታቸው ሲሞቱ፥ ሚስ ሲልቪያ በስማቸው በአዲስ አበባ ሆስፒታል እንዲሠራ ገንዘብ በመሰብሰብ ደከሙ። እናቱን በንግግሯ ያወቁ ሴት የልጇን መታሰቢያ ለመሥራት መድከማቸው ተገቢ ነበር።

በ1948 ዓ.ም. ክረምት፥ በ74 ዓመት ዕድሜያቸው፥ ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋራ ጓዛቸውን ጠቅልለው አዲስ አበባ ገቡ። በዚያው ዓመት የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ታውጆ ነበር። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት እንደራሴዎቹን ይመርጡ የነበሩት መኳንንትና ሹማምንት ሲሆኑ፥ አዲሱ ግን 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፥ ሴትም ወንድም፥ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንዲመርጥ ፈቀደ። የስዊዘርላንድ ሴቶች ይህን መብት ያገኙት ከዚያ 16 ዓመት ያህል ዘግይተው ነው። ሚስ ሲልቪያ በታኅሣሥ 1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር የተባለውን መጽሔት አቋቁመው፥ ወዲያው አንዱን እትም ለኢትዮጵያ ሴቶች ነገር ሰጡ፤ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት መሪ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ስለ ልጃገረዶች ትምህርት ጻፉበት። በ1950 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ በሕዝብ ድምፅ ተመርጠው ምክር ቤት ገቡ። በወጣትነታቸው ስለ ድምፅ የታሰሩት አሮጊት፥ በእርጅናቸው በሌላ ሕዝብ መካከል ሆነው ይህን ለማየት በቁ።

ሚስ ሲልቪያ መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. በመስቀል በዓል ዕለት ዐረፉ። ወለተ ክርስቶስ የሚል ስም ተሰጥቷቸው፥ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት፥ ለአገራቸው በወደቁት አርበኞች አጠገብ በታላቅ ክብር ተቀበሩ።

ዛሬ አቃቂ ቃሊቲ ተብሎ የሚጠራው የዚያ ራዲዮ አካባቢ ኋላ የፋብሪካ ሰፈር ሆነ፤ ብዙ ሴቶችም ማለዳ ወደ ሥራ የሚጓዙበት ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት አረጋግጧል። ይሁን እንጂ ሕግ በወረቀት ላይ ሲጻፍ ሥራው ይጀመራል እንጂ አይፈጸምም። ብሩሽ ሠሪዋ ደመወዟን በገዛ አፏ ለጠቅላይ ሚኒስትር እንዳስረዳች፥ ሠራተኛይቱ ስለ ደመወዟ፥ እናት ስለ ልጇ፥ ገበሬይቱ ስለ መሬቷ በጉባኤ ቆማ ልትናገርና ልትሰማ ይገባል። የሚስ ሲልቪያ ሕይወት የሚያስተምረው ይህን ነው፤ ድምፅ ያገኘ ሰው ድምፁን ገና ላልተሰማው ሊያውሰው ይገባል፤ ያም ሰው በገዛ አፉ መናገር እስኪችል ድረስ።