ኢዮብ ሉዶልፍ፤ ኢትዮጵያን ሳያይ የጻፈ ሊቅ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

ስለ አንድ ሕዝብ ታሪክ፣ አስተዳደር፣ ቋንቋና ባህል የሚጽፍ ሰው አገሩን በእግሩ ዞሮ፣ በዓይኑ አይቶ መጻፍ እንደሚገባው ማንም ያውቃል። ነገር ግን በአውሮፓ ስለ ኢትዮጵያ ከተጻፉት ታላላቅ የምርምር መጻሕፍት አንዱን የደረሰው ሰው የኢትዮጵያን ምድር አንድ ቀን እንኳ አልረገጠም። ይህ ሰው ኢዮብ ሉዶልፍ ይባላል፤ በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት መሥራች እየተባለም ስሙ ሲጠራ ይኖራል። በዚህ የትምህርት ቤታችን በዓል መጽሔት ላይ የሕይወቱን ታሪክ ለማቅረብ የመረጥኩት ስለ ሊቅነቱ ብቻ አይደለም፤ ከሊቅነቱ በስተጀርባ የነበሩትን ኢትዮጵያዊ መምህር ለማስታወስም ጭምር ነው። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኢዮብ ሉዶልፍ ጁን 15 ቀን 1624 ዓ.ም. በጀርመን አገር በኤርፉርት ከተማ ተወለደ። በዚያን ጊዜ ጀርመን ከ1618 እስከ 1648 ድረስ በቆየው የሠላሳ ዓመት ጦርነት ውስጥ ነበረች። ከተሞች ይዘረፉ፣ እርሻዎች ይቃጠሉ ነበር። ሉዶልፍ በእንዲህ ያለ የመከራ ዘመን ቢያድግም ልቡ ከትምህርት አልራቀም። በኤርፉርት ትምህርቱን ከተከታተለ በኋላ ወደ ሆላንድ ሄዶ በሌይደን ዩኒቨርሲቲ ተማረ። ሕግ ቢያጠናም ይልቁን የሚወደው ቋንቋ ነበር። ዕብራይስጥ፣ ዐረብኛና ሱርስት ከሌሎች ብዙ ቋንቋዎች ጋር ተማረ፤ በሕይወቱ ዘመን ወደ 25 የሚደርሱ ቋንቋዎችን ያውቅ እንደነበረ ይነገርለታል።

ከእነዚህ ሁሉ ልቡን የሳበው ግዕዝ ነው። ነገር ግን ግዕዝ የሚያስተምር መምህር በአገሩ አልነበረም። በግዕዝ የታተመውም መጽሐፍ እጅግ ጥቂት ነበር፤ ከእነዚህም በ1513 በሮም የታተመው መዝሙረ ዳዊትና አባ ተስፋ ጽዮን የተባሉት ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በ1548 እና በ1549 እዚያው ሮም ያሳተሙት ሐዲስ ኪዳን ዋነኞቹ ናቸው። ወጣቱ ሉዶልፍ በእጁ የገቡትን ጥቂት መጻሕፍት እያነጻጸረ ያለ መምህር ግዕዝን ለማወቅ ይታገል ጀመር።

በ1649 ለስዊድን ንግሥት ለክሪስቲና የሚፈለጉ አሮጌ ጽሑፎችን እንዲፈልግ ተልኮ ወደ ሮም ሄደ። የተላከበትን ነገር አላገኘም፤ ያልተላከበትን ግን አገኘ። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ በኩል የሐበሾች ማረፊያ የነበረ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት አለ። ሉዶልፍ በዚያ ኢትዮጵያውያን መኖራቸውን ሰምቶ ገሰገሰ። ከነበሩትም መነኮሳት መካከል በአማራ አገር የመካነ ሥላሴ ተወላጅ ከሆኑት ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተዋወቀ።

አባ ጎርጎርዮስ በስደት የሚኖሩ ሰው ነበሩ። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በመቀበላቸው በአገር ውስጥ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ተፈቀደ። ልጃቸው ዐፄ ፋሲል በነገሡ ጊዜ የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ከሚስዮናውያኑ ጋር የነበሩት አባ ጎርጎርዮስም አገራቸውን ለቀው ከብዙ እንግልት በኋላ ሮም ደረሱ።

የሁለቱ ሰዎች መገናኘት መጀመሪያ ላይ ቀላል አልነበረም። ሉዶልፍ ግዕዝን ማንበብና መረዳት ይችላል እንጂ በአፉ መናገርን ከማንም አልሰማም ነበር። ከመጽሐፍ ብቻ ቋንቋ የተማረ ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል፤ እኛም ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ያነበብነውን ሁሉ ለመናገር ስንሞክር የሚደርስብን ይኸው ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን በትዕግሥት ንባቡን አቀኑለት፤ ከዚያም አልፈው ሕዝቡ የሚነጋገርበትን አማርኛ አስተማሩት። ሉዶልፍም በመጽሐፍ የሚያውቀው ቋንቋ ሌላ፣ በገበያና በቤተ መንግሥት የሚነገረው ሌላ መሆኑን ከእሳቸው በሚገባ ተረዳ።

ሉዶልፍ ወደ አገሩ ተመልሶ በ1652 በሳክስ ጎታ መስፍን በኤርነስት ቤት አገልግሎት ገባ። መስፍኑ ሃይማኖተኛና ትምህርት ወዳድ ስለነበሩ ስለ አባ ጎርጎርዮስ በሰሙ ጊዜ ወደ ጎታ እንዲመጡ ጋበዟቸው። አባ ጎርጎርዮስም የአልፕስን ተራራ ተሻግረው ጀርመን ደረሱና ከዚያው ዓመት ከጁን ወር እስከ ሴፕቴምበር ድረስ በፍሪደንስታይን ቤተ መንግሥት ተቀመጡ። መስፍኑ ይጠይቃሉ፤ መነኩሴው ይመልሳሉ፤ ሉዶልፍ በመካከል ሆኖ ያስተረጉማል፣ ይጽፋልም። ስለ ንጉሡ ሥልጣን፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ ስለ ሕዝቡ ኑሮና ስለ አገሩ አቀማመጥ ብዙ ተጠየቀ።

ዛሬ አንትሮፖሎጂ የሚባለው ትምህርት ከሚሠራባቸው መንገዶች ዋነኛው ከባህሉ ባለቤት ጋር ተቀምጦ መጠየቅ፣ መልሱን መጻፍ፣ ያልገባውን ደግሞ መልሶ መጠየቅ ነው። በጎታ ቤተ መንግሥት በዚያ በጋ የተደረገው ይህ ነበር፤ ለትምህርቱ ስም እንኳ ሳይወጣለት።

አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጣልያን ከተመለሱ በኋላ ሁለቱ በግዕዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። ሉዶልፍ ያልገባውን ቃል እየጻፈ ይጠይቃል፤ መነኩሴውም ፍቺውን ይልካሉ። በመጨረሻ አባ ጎርጎርዮስ አገራቸውን ለማየት ተነሡ። ነገር ግን በ1658 የተሳፈሩበት መርከብ በሶርያ ባሕር በእስክንድሩና አጠገብ ተሰብሮ ሰጥመው ሞቱ። አገራቸው ለመግባት ሳይታደሉ፣ ያስተማሩትም ትምህርት ታትሞ ሳያዩ ቀሩ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1661፣ የሉዶልፍ የግዕዝ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው በለንደን ታተመ። የማሳተሙን ሥራ የተቆጣጠረው ዮሐን ሚካኤል ቫንስሌብ የተባለ ደቀ መዝሙሩ ነበር። በ1663 ይኸው ቫንስሌብ በመስፍኑ ገንዘብ ወደ ኢትዮጵያ ተላከ። እሱ ግን ከግብፅ አላለፈም፤ ከዚያም ወደ ሮም ሄዶ ሃይማኖቱን ለወጠ። በዚህ ምክንያት ሉዶልፍ በደቀ መዝሙሩ ዓይን እንኳ አገሩን ለማየት የነበረው ተስፋ ተቋረጠ። በለንደን በታተመውም መጽሐፍ ደስ ስላልተሰኘ ከብዙ ዓመት በኋላ መዝገበ ቃላቱን በ1699፣ ሰዋስውን በ1702 አርሞና አስፋፍቶ እንደገና አሳተመ።

ሉዶልፍ በ1678 ከጎታ አገልግሎት ወጥቶ በፍራንክፈርት ከተማ ተቀመጠ። ታላቁን ሥራውን፣ የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በላቲን ቋንቋ ጽፎ በ1681 አሳተመ። መጽሐፉ በአራት ክፍል የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው ስለ አገሩ ተፈጥሮና ስለ ነዋሪዎቹ፣ ሁለተኛው ስለ ነገሥታቱና ስለ አስተዳደሩ፣ ሦስተኛው ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ አራተኛው ስለ ሕዝቡ ኑሮ፣ ስለ ጽሕፈትና ስለ ሥራው ይናገራል። በሚከተለው ዓመት በ1682 ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። ሉዶልፍ በ1683 የኢትዮጵያን ካርታ አወጣ፤ በ1691 ታሪኩን የሚያብራራ ሰፊ ሐተታ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። ታትሞ የወጣ የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው ይህ ነው።

የሥራው ጥቅም የሚታወቀው ከእርሱ በፊት ይነገር ከነበረው ጋር ሲተያይ ነው። በአውሮፓ ስለ ኢትዮጵያ ብዙ ተረት ይወራ ነበር። ለምሳሌ ሉዊስ ዴ ኡሬታ የተባለ እስፔናዊ መነኩሴ በ1610 ያሳተመው መጽሐፍ አገሪቱን ባልነበረ ሀብትና ድንቅ የሞላ ነበር። ሉዶልፍ ግን የሚስዮናውያኑን ጽሑፍ ከአባ ጎርጎርዮስ ቃል ጋር እያስተያየ ተረቱን ከእውነቱ ለመለየት ደከመ፤ የሰውንና የቦታን ስም ሳይቀር በትክክል ለመጻፍ ተጠነቀቀ።

ይሁን እንጂ ጉድለት አልነበረውም ማለት አይቻልም። በቃል የሚጠይቀው ይልቁንም አንድ ሰውን ነበር፤ ያም ሰው ከአንድ አገር የመጣ፣ ከቤተ ክህነት ወገን የሆነ ነው። የገበሬዋ ሴት፣ የሸማኔው፣ የሙስሊሙ ነጋዴ ድምፅ በመጽሐፉ ውስጥ በራሱ አንደበት አይሰማም። የኦሮሞ ሕዝብም ራሱ በሚጠራበት ስም አልተጠራም፤ የተጻፈውም በጊዜው ተዋጊዎቹ በነበሩ ሰዎች ዓይን ታይቶ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1593 አካባቢ አባ ባሕርይ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ሊቅ ስለ ኦሮሞ ሕዝብ ፍልሰትና ስለ ገዳ ሥርዓት ሲጽፉ ያጋጠማቸው ችግር ይኸው ነበር፤ ብዙ ነገር በጥንቃቄ መዘገቡ፤ ነገር ግን የጻፉት አገሩ ከተወሰደበት ወገን ሆነው ነው። ስለ ሌላው ሕዝብ የሚጽፍ ሰው ማንን እንደጠየቀና ማንን እንዳልጠየቀ ራሱን መመርመር አለበት።

ሉዶልፍ በሽምግልናው ዘመንም አልቦዘነም። በ1683 ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ ከኢትዮጵያ ጋር ወዳጅነትና ንግድ እንዲመሠረት ደከመ፤ ለኢትዮጵያ ሰዎችም በግዕዝ ደብዳቤ ጽፎ አሳተመ። አሳቡ ግን አልተፈጸመለትም። ኤፕሪል 8 ቀን 1704 ዓ.ም. ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ያህል ሲቀረው በፍራንክፈርት አረፈ። ሥራው ግን ከእርሱ በኋላ ኖረ። በ1770 ጎንደር የገባው የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ቋንቋችንን ያጠናው በሉዶልፍ መጻሕፍት ነው። በ1865 ታላቁን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ያሳተመው ጀርመናዊው ሊቅ አውጉስት ዲልማንም ሉዶልፍ በጣለው መሠረት ላይ ሠርቷል።

ይህን ታሪክ ሳጠና አንድ ጥያቄ ከልቤ አልወጣ አለ። ዕውቀቱ የአባ ጎርጎርዮስ ከሆነ መጽሐፉ ስለምን የሉዶልፍ ተባለ? ጥያቄው ቀላል አይደለም። መነኩሴው ዕውቀቱን ነበራቸው፤ ነገር ግን ስደተኛ ስለነበሩ ማተሚያ ቤትም፣ ደጋፊም፣ ዕድሜም አላገኙም። ሉዶልፍ ደግሞ መልሱን ተቀብሎ ብቻ አልተቀመጠም፤ ወደ ሠላሳ ዓመት ያህል ሲያስተያይና ሲያርም ኖሯል። ስለዚህ መጽሐፉ የሁለቱም ነው ማለት ይሻላል። ሉዶልፍን የማመሰግነው በተለይ ይህን ባለመደበቁ ነው። የመምህሩን ስም በመጽሐፉ በክብር ጠራ፤ በ1691 ባወጣው ሐተታም የአባ ጎርጎርዮስን ሥዕል አሳተመ። ስለ ሕዝቦች ከተጻፉት መጻሕፍት ብዙዎቹ ነገሩን የነገራቸውን ሽማግሌ ስም እንኳ አይጠሩም።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እንዲሉ፣ አባ ጎርጎርዮስ እስከ ዛሬ የታወቁልን የነገሩት ስለ ተጻፈ ነው። በየሰፈራችን ስለ ዕድር፣ ስለ ሽምግልና፣ ስለ ጋብቻና ስለ መሬት ብዙ የሚያውቁ አያቶች አሉን። ከእነርሱ ዘንድ ለመድረስ እንደ ሉዶልፍ አገር ማቋረጥ አያስፈልገንም፤ ቋንቋቸውንም ከእናታችን ጋር ተምረነዋል። የሚያስፈልገው ደብተር፣ እርሳስና ትዕግሥት ነው። እኛ ተማሪዎች በዕረፍታችን ጊዜ ወደ እነርሱ ቀርበን ብንጠይቅና የነገሩንን ከነስማቸው ብንጽፍ፣ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት የዚህ ትምህርት ቤት ልጆች መልካም ውርስ እንተውላቸዋለን።