ዐፄ ቴዎድሮስና የመቅደላው መንገድ

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ብዙ ተጽፏል፤ ከተጻፈውም የበለጠ ተነግሯል። ዘመነ መሳፍንትን የዘጉ የጦር መሪ፣ የኢትዮጵያን አንድነት ያለሙ ንጉሠ ነገሥት፣ በጠላት እጅ ከመውደቅ ሞትን የመረጡ ጀግና መሆናቸውን ተማሪው ሁሉ ያውቀዋል። መንገድና ግንባታ ሙያው የሆነ ሰው ግን ከሕይወታቸው ለብቻው ነጥሎ ሊመረምረው የሚገባ አንድ ምዕራፍ አለ። ይኸውም ከ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ እስከ መጋቢት አጋማሽ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያደረጉት ጉዞና ለዚያ ጉዞ ሲሉ ያሠሩት መንገድ ነው።

ካሣ ኃይሉ፣ የኋላው ቴዎድሮስ፣ የተወለዱት በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ነበር። በልጅነታቸው ለትምህርት ወደ ገዳም ተልከው ሳለ ገዳሙ በጦር ስለ ተመዘበረ ሕይወታቸውን ያተረፉት በማምለጥ ነበር። ካደጉ በኋላ በቆላው ቋራ ሸፍተው ተከታይ አሰባሰቡ። በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ጠረፍ በደባርቂ ከግብፅ ሠራዊት ጋር ገጥመው ድል ሆኑ። ጎራዴና ጋሻ ይዞ የሚሮጥ ጀግና በምሽግ ውስጥ በተጠመደ መድፍ ፊት ምን ያህል አቅመ ቢስ እንደሚሆን ያዩት በዚያ ቀን ነው። ይህ ትምህርት እስከ ዕለተ ሞታቸው ከልባቸው አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ ያለው የሕይወታቸው ታሪክ በአብዛኛው መድፍ የማግኘትና መድፉን ወደሚፈለግበት ቦታ የማድረስ ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ደጃዝማች ጎሹን በጉር አምባ፣ ራስ ዓሊን በአይሻል፣ ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል ከነሡ በኋላ፣ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በነገሡበት ዓመት መቅደላን ያዙ። አገሩ ግን በገደልና በወንዝ የተከፋፈለ ስለ ነበር ዛሬ በአንዱ ማዕዘን የገበረው ነገ በሌላው ማዕዘን ይሸፍት ነበር። ሠራዊታቸው ካንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር ሲመላለስ ጉልበቱ ያልቅ ጀመር። ንጉሡም ደብረ ታቦርን ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከመቅደላ ጋር የሚያገናኙ መንገዶች እንዲሠሩ አዘዙ። ሥራውን በአዛዥ ብቻ አልተዉትም። ከማለዳ እስከ ማታ በሥራው ቦታ እየዋሉ ድንጋይ በገዛ እጃቸው ያነሡ እንደ ነበር በዘመኑ ያዩአቸው የውጭ አገር ሰዎች መስክረዋል። የእጅ ሥራ እንደ ውርደት በሚቆጠርበት፣ ብረት ቀጥቃጩና ሸማኔው በሚናቁበት ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ ድንጋይ ተሸክመው መታየታቸው ከመንገዱ ያልተናነሰ ትርጉም ነበረው።

ከዚሁ ጎን ለጎን በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት የብረታ ብረት ሥራ ተቋቋመ። ሃይማኖት ሊያስተምሩ ከአውሮፓ የመጡትን የእጅ ጥበብ ባለሙያዎች ንጉሡ መድፍ እንዲሠሩላቸው ጠየቋቸው። ሰዎቹ የመድፍ አሠራር አናውቅም ቢሉም ማምለጫ አላገኙም። ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ጓደኞቹ ከኢትዮጵያውያን ረዳቶች ጋር እየሞከሩና እየተሳሳቱ በመጨረሻ ተሳካላቸው። የሥራቸው ሁሉ ታላቅ የሆነው ሰባስቶፖል የተባለው መድፍ ነው። ስሙ በክራይሚያ ጦርነት ከታወቀችው ከተማ የተወሰደ ሲሆን፣ ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይገመታል። መድፉ በተሠራ ጊዜ የንጉሡ ደስታ ወሰን አልነበረውም። ይሁን እንጂ በዚያው ቀን አንድ ጥያቄ አብሮ ተወለደ። በአገሩ የተለመደው ማጓጓዣ በቅሎ፣ አህያና የሰው ትከሻ ነው። 7 ቶን የሚመዝን ብረት በምን ይሄዳል?

ጥያቄው መልስ የሚያሻው ሆኖ የመጣው የንጉሡ ግዛት በጠበበበት ወቅት ነው። ከቤተ ክህነት ጋር በመሬት ጉዳይ ተጣልተዋል፤ በየአውራጃው ሽፍታው በዝቷል፤ የሸዋው ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው አገራቸው ገብተዋል። በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለንግሥት ቪክቶሪያ ለላኩት ደብዳቤ መልስ በማጣታቸው ቆንስሉን ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አስረው ስለ ነበር፣ የእንግሊዝ መንግሥት ጦር ለመላክ ተዘጋጅቷል። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር በትእዛዛቸው ተቃጠለች። በእጃቸው የቀረው ደብረ ታቦርና ዙሪያዋ፣ እንዲሁም በሩቁ የመቅደላ አምባ ብቻ ነበር። ንጉሡም ቁርጥ አሳብ አደረጉ። ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሠራዊቱን ከነቤተሰቡ፣ እስረኛውን፣ ባለሙያዎቹን፣ መድፎቹን ሁሉ ይዘው መቅደላ ሊገቡ ተነሡ።

የጉዞው ዝግጅት ሁሉ የተወሰነው በአንድ ነገር ነበር፤ እሱም በመድፉ ክብደት ነው። ቀላል ጓዝ የያዘ ሠራዊት ያንን አገር በጥቂት ሳምንታት ሊያቋርጠው ይችል ነበር። ሠረገላ ግን እንደ በቅሎ ገደል አይወጣም፤ እንደ እግረኛም ከድንጋይ ወደ ድንጋይ አይዘልም። ስለዚህ መንገዱ አስቀድሞ ተሠርቶ ሠረገላው በኋላ የሚከተል ሆነ። ሠራዊቱ ጥቂት ርቀት ይጠርግና ይደለድላል፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር እየጎተቱ መድፉን እዚያ ያደርሳሉ፤ ከዚያም ሥራው እንደገና ይጀመራል። በዚህ ዓይነት በአንድ ቀን የሚሄደው መንገድ ቀናትና ሳምንታት ይፈጅ ነበር።

የመሬቱን ጠባይ ያላየ ሰው የሥራውን ክብደት ሊገምት አይችልም። ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በፍጥነት መንገዱ የሚወርድ ተጓዥ ወደ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ከፍታው የሚቀንስለት ሰባት መቶ ሜትር ያህል ነው። ከደጋው ወደ ስምጥ ሸለቆው የሚያደርሰው ይህ ቁልቁለት በሰፊ ርቀት ላይ ስለ ተዘረጋ ተሽከርካሪው ብዙም አይሰማውም። የመቅደላው መንገድ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከቤጌምድር ተነሥቶ በጨጨሆ በኩል ሦስት ሺህ ሜትር ወደሚጠጋው ወደ ብርዳማው የዋድላ ደጋ ይወጣል። ከዋድላ አፋፍ ላይ ምድር በድንገት ትሰነጠቃለች፤ የጅዳ ወንዝ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ታች ዝቅ ብሎ ይታያል። እዚያ ድረስ ወርዶ ያንኑ ያህል ወደ ደላንታ ደጋ መውጣት ያስፈልጋል። ደላንታን ካቋረጡ በኋላም የበሽሎ ገደል ይጠብቃል፤ እሱም ከጅዳ ያልተናነሰ ጥልቀት አለው። መቅደላ ያለው ከበሽሎ ማዶ ነው።

ሠራተኞቹ ቁልቁለቱን በቀጥታ ሊወርዱት ስለማይቻል ከገደሉ ግድግዳ ጋር እየተጠማዘዘ የሚወርድ መንገድ ቆረጡ። በላይ በኩል አለቱን እየፈነቀሉ፣ በታች በኩል ድንጋዩን እየካቡ፣ መሐሉን በአፈርና በጠጠር እየደለደሉ ተዳፋቱን ሠረገላ ሊችለው በሚችል ልክ አደረጉት። የመለኪያ መሣሪያ የሚባል ነገር በእጃቸው አልነበረም፤ መለኪያቸው ዓይናቸውና የመድፉ ክብደት ነበር። ስሕተት ቢፈጠር 7 ቶን ብረት ከነጎታቾቹ ወደ ገደል ይገባል። በዳገቱ ጊዜ የሚጎትተው ሕዝብ፣ በቁልቁለቱ ጊዜ ወደ ኋላ ይዞ የሚያስቀረው እሱ ነበር። ንጉሡም እንደ ቀድሞው ልብሳቸውን ሰብስበው ድንጋይ ያነሡ፣ የደከመውን ያበረታቱ፣ አንዳንድ ጊዜም በቁጣ ይቀጡ ነበር። ሰባስቶፖል ጅዳን ተሻግሮ፣ ደላንታን አቋርጦ፣ በሽሎን ወጥቶ በመጋቢት አጋማሽ መቅደላ ሥር ደረሰ። በዚያ ዘመን በእጅ መሣሪያና በሰው ጉልበት ብቻ የተፈጸመ ሥራ በመሆኑ፣ በምሕንድስና ዓይን ሲታይ ታላቅ ክንውን ነው።

የሥራው ዋጋ ግን ከመንገዱ ዳር ይታይ ነበር። በዚያ ሁሉ ወራት ሠራዊቱ የሚበላው ከባላገሩ ጎተራ ነው። ባላገሩ ደግሞ በተደጋጋሚ ዘረፋ ስለ ተማረረ እህሉን ቀብሮ፣ ከብቱን ነድቶ ሸሸ፤ ከሠራዊቱ ወደ ኋላ የቀረውንም ይገድል ጀመር። በየሌሊቱ ከሠፈሩ የሚጠፋው ወታደር ቁጥሩ በዛ። ስለዚህ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ንጉሡን የሚከተላቸው ሰው እያነሰ ሄደ። ድንጋዩ ታዘዘላቸው፤ ሰው ግን ከዳቸው።

በዚያው ወራት ከሰሜን በኩል ሌላ መንገድ ይሠራ ነበር። የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ሰር ሮበርት ናፒየር በሙያው መሐንዲስ ነበር። በወጣትነቱ በሂማላያ ተራሮች ግርጌ የምትገኘውን የዳርጂሊንግን ከተማ የቀየሰና ወደዚያች ከተማ በሚወስደው መንገድ ሥራ ላይ የተሰማራ፣ ኋላም በፑንጃብ ብዙ ግንባታ የመራ ሰው ስለ ሆነ፣ ሠራዊትን ወደ ከፍተኛ ተራራ ማውጣት ምን ዝግጅት እንደሚጠይቅ ያውቃል። ከጥቅምት 1860 ዓ.ም. ጀምሮ በዙላ የባሕር ዳርቻ የመርከብ ማራገፊያ ተሠራ፤ የባሕር ውሃ እየተነጠረ ለመጠጥ ይቀርብ ጀመር፤ ወደ ተራራው ግርጌ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ የቴሌግራፍ ሽቦ ተተከለ። 13,000 ያህል ወታደር፣ ከዚያም የሚበዛ ጓዝ አጓጓዥና አገልጋይ፣ ከ40,000 የማያንስ የጭነት እንስሳ፣ ከእነዚህም ጋር ከህንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ተሰለፉ።

በሁለቱ ዝግጅቶች መካከል ያለው ልዩነት ግን በሀብት ብዛት ብቻ የሚወሰን አይደለም። ናፒየር ተራራ ላይ ለሚደረግ ውጊያ የመረጠው ቀላል መድፍ ተፈታትቶ በበቅሎ ጀርባ የሚጫን ነበር፤ ከባዱን ደግሞ ዝሆን ይሸከመዋል። መሣሪያው እንደ መንገዱ ሆኖ ተዘጋጀ እንጂ መንገዱ እንደ መሣሪያው እንዲሆን አልተጠበቀም። ከዚህም ሌላ ለሚገዛው እህልና ለሚከራየው ከብት በማሪያ ቴሬዛ ብር ይከፍል ነበር። የትግራዩ ደጃዝማች ካሣ፣ የኋላው ዐፄ ዮሐንስ፣ በየካቲት ወር ከእርሱ ጋር ተገናኝተው በግዛታቸው እንዲያልፍ ፈቀዱለት። ከባሕር እስከ መቅደላ ያለውን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን ጉዞ ሠራዊቱ ያለ ውጊያ ሊፈጽመው የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

በመጋቢት መጨረሻ ገደማ የእንግሊዝ ጦር ዋድላ ላይ ቤተ ሖር ከተባለው ቦታ ሲደርስ ከንጉሡ መንገድ ጋር ተገናኘ። ጅዳን የወረደውና ደላንታን የወጣው ቴዎድሮስ በጠረጉት መንገድ ነበር። የእንግሊዝ መሐንዲሶች የሥራውን ጥራት አድንቀው ጽፈዋል። ጠላትን ለመከላከል የተሠራው መንገድ ጠላትን አደረሰ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ ከመቅደላ በታች በእሮጌ ሜዳ ውጊያ ሆነ። ከንጉሡ ታላላቅ መድፎች አንዱ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ሰባስቶፖልም ለዚያ ሁሉ ልፋት የሚመጥን አገልግሎት ሳይሰጥ ቀረ። ፊታውራሪ ገብርዬ ከወታደሮቻቸው ጋር ቁልቁለቱን ወርደው ፈጣን ጠመንጃ በያዘው ጠላት ላይ ቢወረወሩም ወደቁ። ከኢትዮጵያውያን ወገን ሰባት መቶ ያህል ሰው ሲሞት፣ ከእንግሊዞች የሞተው ከሁለት አልበለጠም። ንጉሡ አውሮፓውያን እስረኞችን ቢለቁም እጃቸውን ለመስጠት አልፈቀዱም። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ አምባው ሲደፈር ሽጉጣቸውን ጠጥተው ሞቱ። ልጃቸው ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ18 ዓመቱ እዚያው ሞተ። የመቅደላ ብራናዎችና ንዋያተ ቅድሳት ተዘርፈው ሄዱ። ሰባስቶፖል ግን ከተራራው አልወረደም፤ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ።

የዚህ ታሪክ ቁም ነገር ለመንገድ ሠሪ ትውልድ ሁሉ የሚተርፍ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ መንገድ የመንግሥት የጀርባ አጥንት መሆኑን ከዘመናቸው ሰው ሁሉ ቀድመው ተረድተዋል። የእጅ ሥራን ክብር በገዛ እጃቸው አሳይተዋል። የሚቻል የማይመስለውን ሥራ በስድስት ወር ፈጽመዋል። የጎደላቸው ጥበብ ወይም ቆራጥነት አልነበረም። መንገዱ የሚያልፍበትን ባላገር ከዝግጅታቸው ውስጥ አለማስገባታቸው ነው። የተዳፋቱ ልክ፣ የካቡ ጥንካሬ፣ የሠረገላው ብርታት ሁሉ ታስቦበት ነበር፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚኖረው ሕዝብ መንገዱን የእኔ ነው ይላል ወይስ ይሸሸዋል የሚለው ጥያቄ ግን መልስ ሳያገኝ ቀረ። ሥራው ያማረ መንገድ ሕዝቡ ካልተቀበለው፣ የሚያገለግለው አስቀድሞ የደረሰበትን መንገደኛ ሁሉ ነው። ጅዳና በሽሎ ዛሬም ገደላቸው እንዳለ ነው፤ በየትኛውም ተራራ ላይ ሥራ የሚጀምር መሐንዲስ ከመለኪያ መሣሪያው ጋር ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ቢወጣ፣ ንጉሡ በብዙ ደም የገዙት ትምህርት በከንቱ አልቀረም ማለት ነው።