ፖል ኤርሊክ እና ዒላማውን የሚለይ መድኃኒት

ኬሞቴራፒ እየወሰዱ ከሆነ ወይም የሚያስታምሙት ሰው ካለ፣ መድኃኒቱ ካንሰሩን ብቻ ለምን አይመታም ብለው ሳይጠይቁ አይቀሩም። ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልኩን ይዞ የኖረው፣ ኬሞቴራፒ የሚለውንም ቃል የፈጠረው ጀርመናዊው ሐኪም ፖል ኤርሊክ ነው።

ኤርሊክ በ1854 እ.ኤ.አ. ተወለደ። ተማሪ ሳለ ሐሳቡን ሁሉ የወሰደው የጨርቅ ማቅለሚያ ነበር። አንዱ ቀለም አንዱን የሰውነት ክፍል ነክሮ ሌላውን ሳይነካ ሲያልፍ አየ። በ1878 የመመረቂያ ጽሑፉን የጻፈውም በዚሁ ላይ ነው። ታዲያ ቀለም ጀርምን ለይቶ የሚይዝ ከሆነ፣ ጀርሙን ብቻ ለይቶ የሚገድል መርዝ ለምን አይገኝም? ይህን ያልተገኘ መድኃኒት አስማታዊ ጥይት ብሎ ሰየመው።

እሱ ራሱም ታማሚ ነበር። በ1888 በገዛ አክታው ውስጥ የቲቢ ባክቴሪያ አግኝቶ ለማገገም ወደ ግብፅ ሄደ። በ1908 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። በ1909 ደግሞ ጃፓናዊው ባልደረባው ሳሃቺሮ ሃታ 606 የተባለውን ውህድ ቂጥኝ በያዛቸው ጥንቸሎች ላይ ሞክሮ እንደሚፈውስ አሳየ። መድኃኒቱ በ1910 ሳልቫርሳን ተብሎ ለገበያ ቀረበ። ብዙዎችን አዳነ፤ ነገር ግን አርሴኒክ ስላለበት የጎዳቸውም ነበሩ። ጥይቱ ሙሉ በሙሉ አልለየም ማለት ነው። ኤርሊክ በአይጦች ላይ የካንሰር ዕጢ ለዓመታት ቢያጠናም መድኃኒት ሳያገኝለት በ1915 ሞተ።

ዛሬም የተለመደው ኬሞቴራፒ በፍጥነት የሚባዛን ሕዋስ ሁሉ ይመታል። የፀጉር ሥር፣ የአፍ ውስጥ ሽፋንና መቅኔ የሚጎዱት ለዚህ ነው። ተመራማሪዎች መድኃኒቱን ፖሊመር በሚባሉ ረጃጅም ሰንሰለት መሰል ሞለኪውሎች ጠቅልለው ለመላክ ይሞክራሉ። የዕጢ አካባቢ ከደም ይልቅ በትንሹ አሲዳማ ስለሆነ፣ አንዳንዶቹ ፖሊመሮች በደም ውስጥ ተዘግተው ቆይተው እዚያ ሲደርሱ እንዲከፈቱ ሆነው ይሠራሉ። እንዲህ ያሉት በአብዛኛው ገና በምርምር ላይ ናቸው፤ ስለዚህ ሐኪምዎ ካላዘዙልዎ ሕክምና ተነፍገዋል ማለት አይደለም።

ከዚህ የቀለለው ዓይነት ግን በሥራ ላይ ነው። ዶክሶሩቢሲን የተባለው መድኃኒት በፖሊመር በተሸፈነ ደቃቅ የስብ ከረጢት ውስጥ ሆኖ እንዲሰጥ አሜሪካ በ1995 ፈቅዳለች። ልብን የሚጎዳው ከተለመደው ዶክሶሩቢሲን ባነሰ መጠን ነው። በዚህ ዓይነቱ እየታከሙ ሳለ መዳፍዎ ወይም የውስጥ እግርዎ ከቀላ፣ ካቃጠለዎ ወይም ቆዳው ከተላጠ ቀጣዩን ዙር ሳይጠብቁ ለሐኪምዎ ይንገሩ።