ሶቅራጥስና የአቴና ሳቅ

የሶቅራጥስ ስም ለመጻሕፍታችን እንግዳ አይደለም፤ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ በተተረጐመው በመጽሐፈ ፈላስፋ ከጠቢባን ጋራ ተቈጥሮ ይገኛል። የገዛ አገሩ ሰዎች ግን በሕይወት ሳለ መሣቂያ፥ በኋላም ወንጀለኛ አድርገውታል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ470 ዓመት ገደማ በአቴና ተወለደ። አባቱ ድንጋይ ጠራቢ፥ እናቱ አዋላጅ ነበሩ። መጽሐፍ አልጻፈም፥ የማስተማር ዋጋም አልተቀበለም፤ በገበያ ቆሞ ሹሙን ስለ ፍርድ፥ ባለቅኔውን ስለ ቅኔው፥ ባለእጁን ስለ ሙያው ይጠይቅ ነበር እንጂ። ተጠያቂውም ዐውቃለሁ ያለው ነገር ሲጠፋበት ያፍራል፥ ከብበው የቆሙት ወጣቶች ይስቃሉ። በዚህ ረገድ ሶቅራጥስ ፍጹም ነቀፋ የለበትም ለማለት ያስቸግራል፤ ሰውን በአደባባይ ማሳፈር ጠላት እንደሚያፈራ እያወቀ አልተወውምና።

በዚያ ዘመን የባለጸጎችን ልጆች ገንዘብ እየተቀበሉ የክርክር ጥበብ የሚያስተምሩ ሰዎች በአቴና በዝተው ነበር። ሕዝቡም ይጠላቸው ነበር። በ423 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አሪስቶፋንስ የተባለው ደራሲ «ደመናት» በተባለው የቧልት ተውኔቱ ሶቅራጥስን ከእነርሱ ጋራ ቀላቅሎ፥ በቅርጫት ተንጠልጥሎ ፀሐይን ሲመረምር አሳየው። አንድ ሽማግሌ ከአበዳሪዎቹ የሚያመልጥበትን የተንኰል ንግግር እንዲማርለት ልጁን ወደ እርሱ ይልካል፤ ልጁ ተምሮ ሲመለስ አባቱን ይደበድባል። ዛሬ በእጃችን ባለው ጽሑፍ መጨረሻ አባትየው ትምህርት ቤቱን በእሳት ያቃጥላል። ተውኔቱ በውድድሩ የመጨረሻውን ደረጃ አገኘ፤ ሥዕሉ ግን ከሰው ልብ አልጠፋም።

አቴና በ404 ዓመት በጦርነት ተሸነፈች፤ ሠላሳ ጨካኞች ገዝተዋት ብዙ ደም ፈሰሰ። ከእነርሱ አንዱ ክሪቲያስ ቀድሞ የሶቅራጥስ ወዳጅ ነበረ። ሕዝቡ ሥልጣኑን መልሶ ሲይዝ ቂሙ አልበረደም፤ በ399 ዓመትም ሦስት ሰዎች የከተማይቱን አማልክት ይክዳል፥ ወጣቶችንም ያበላሻል ብለው ከሰሱት። (ክርስቲያኖችም በኋላ በዚሁ አማልክትን በመካድ ነገር ተከሰዋል፤ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ165 ዓመት ገደማ በአውሮፓ አቈጣጠር የሞተው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ይህን በጽሑፉ አመሳስሎታል።) ሶቅራጥስ ለዳኞቹ የገለጸላቸው፥ ከእነዚህ ከሳሾች ይልቅ የቀድሞዎቹን እንደሚፈራ ነው፤ ዳኞቹ ገና ልጆች ሳሉ በሰማይ የሚንጠለጠለውን ሰው ወሬ ሰምተው አድገዋልና።

500 ያህል ዳኞች ፈረዱበት፤ 30 ያህሉ ብቻ ሐሳባቸውን ቢለውጡ ነጻ በወጣ ነበር። ወዳጁ ክሪቶን ከወህኒ ሊያስመልጠው ቢለምነው የአገሩን ሕግ አላፈርስም ብሎ እንቢ አለ፥ በ70 ዓመት ዕድሜው የመርዙን ጽዋ ጠጥቶ ሞተ። አሪስቶፋንስ ከዚያ በኋላ ከ10 ዓመት በላይ ተውኔቱን እያቀረበ ሲያሥቅ ኖረ።