ሻምበል አበበ ቢቂላ እና የጋለ ስሜት

ለዚህ እትም የክበባችን ተጠሪ መምህር የሰጡን ርዕስ የጋለ ስሜት ምንድን ነው የሚል ነው። በሕይወት የሌለ አንድ ታዋቂ ሰው መርጣችሁ በእሱ አሳዩ አሉን። እኔ ቶሎ ብዬ ቀነኒሳን ብል እሱ በሕይወት አለ ተባልኩ። ሳጉሬ ላይ እኮ ስለ ሯጭ ጻፉ ከተባለ ግማሹ ክፍል የሚጽፈው የበቆጂን ልጆች ነው። ስለዚህ ከእነሱ ሁሉ በፊት የነበረውን ሻምበል አበበ ቢቂላን መረጥኩ።

መጀመሪያ የጋለ ስሜት ማለት ኳስ ስናይ እንደምናደርገው መጮህና መዝለል ይመስለኝ ነበር። አበበ ግን ዝምተኛ ሰው ነበር።

የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። በልጅነቱ እንደ ብዙዎቻችን ከብት ይጠብቅ ነበር። በኋላ አዲስ አበባ ገብቶ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ፤ እዚያም ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን አሰለጠነው።

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። ያን ቀን በሮም ኦሎምፒክ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጠ። በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ ጠፍቶ አይደለም፣ የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው ነው። ይህን ብዙ ልጆች ይሳሳቱታል። ሲመሽ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር። ውድድሩ የሚያልፈው ጣሊያን ከአገራችን ወስዳ ባቆመችው በአክሱም ሐውልት በኩል ነው። ሞሮኳዊው ራዲ እስከ መጨረሻው አካባቢ አብሮት ነበር፤ አበበ ግን ፍጥነት ጨምሮ ጥሎት ሄደ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ! ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ ይህ ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ አሸነፈ። ትርፍ አንጀቱን በኦፕራሲዮን ካወጣ ገና አንድ ወር ከጥቂት ቀን ነበር። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገብቶ፣ ሌላው ሯጭ ገና ሳይደርስ ሣሩ ላይ ጅምናስቲክ ይሠራ ጀመር። ማራቶንን በኦሎምፒክ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ከእሱ በፊት አልነበረም። በሜክሲኮ ግን እግሩን ስላመመው አቋረጠ፣ ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደ።

እዚህ ላይ ስለ ቤታችን ትንሽ ልናገር። ታላቅ እህቴ በየማለዳው ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው አስፋልት ትሮጥ ነበር። የሳጉሬን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ጣት ይቆርጣል፤ እሷ ግን አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም። አምና ጉልበቷን አመማትና ሐኪሙ ሩጫ አቁሚ አላት። ጫማዋን አልጋ ስር ወረወረችው። ሯጮች በደጃችን ሲያልፉ መስኮቱን ትዘጋለች። እኔም ስሜቷ አለቀ ብዬ ነበር።

አበበም ቆሟል። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. የሚነዳት ቮልስዋገን ተገለበጠችና ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ያ እግር ዳግመኛ አልቆመም። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ወሰዱት። እዚያ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀስት መወርወር ተማረ፣ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ሄዶ ውሾች በበረዶ ላይ በሚጎትቱት ተንሸራታች 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ። በረዶ! ያውም ውሻ እየነዳ! በእኔ ግምት ከሮም ይልቅ ትልቁ ይሄ ነው። ሮም ላይ እግር ነበረው፤ እዚህ የቀረው ልወዳደር የሚለው ነገር ብቻ ነው። መምህራችን የጠየቁን ነገር ይሄ መሰለኝ።

በ1964 ዓ.ም. ሙኒክ ኦሎምፒክ ላይ በወንበሩ ሲገባ ተመልካቹ ተነስቶ አጨበጨበለት። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ፣ አዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተክርስቲያን ተቀበረ።

ይህን ሳልገለብጠው በፊት ለእህቴ አነበብኩላት። ድንች እየላጠች ነበር። ሮምን ስለምታውቀው ዝም አለች። ኖርዌይ ላይ ስደርስ ቢላውን አስቀምጣ ድገምልኝ አለች። ደገምኩላት፤ ማታ ደግሞ ራሷ ደብተሩን ወስዳ አነበበችው። ጫማው ግን አሁንም አልጋ ስር ነው።